በሁለት መርፌዎች መካከል

የአቃቂ ቃሊቲ እናቶች የልጅ ዕድሜ የሚቆጥሩት በክትባት ነው። «የ45 ቀኑን ወስዳለች»፣ «የሁለት ወር ተኩሉ አምልጦታል»፣ «የ9 ወሩ ደርሶበታል» ይላሉ። መመሪያው የሚለው 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ነው፤ እነሱ 45 ቀን ብለው ይዘውታል፤ እኛ የክትባት ክፍል ነርሶችም ከእነሱ ተቀብለን በዚያው እንጠራዋለን። እንግዳ ሰው ክፍላችን ገብቶ ቢያይ ሥራችን መውጋት ብቻ ይመስለዋል። መውጋትም ሙያ አለው፣ እመጣበታለሁ። ነገር ግን በሥራው በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ እየገባኝ የመጣው፣ ልጁን ከበሽታ የሚያድነው ሥራ የሚሠራው እኔ ወግቼ ከጨረስኩ በኋላ፣ እናቱ አዝላው ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ባሉት ሳምንታት መሆኑን ነው። ያን ጊዜ የሚያከብር ቀጠሮ መስጠትና ቀጠሮው እንዲጠበቅ ማድረግ የሙያችን ዋናው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ደግሞ ሰውነት በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከልጁ ጋር መጀመሪያ የምንተዋወቀው በቢሲጂ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ነው፤ ልክ እንደተወለደ በቀኝ ክንዱ ይሰጣል፤ መጠኑ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከክትባቶቻችን ሁሉ እጅ የሚፈትነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጡንቻ ውስጥ ወይም ከቆዳ ሥር ሳይሆን እዚያው ቆዳው ውስጥ መቅረት አለበት። በግራ እጄ ቆዳውን ወጠር አድርጌ፣ የመርፌውን ቀዳዳ ወደ ላይ አዙሬ፣ ከክንዱ ጋር ሊተኛ ምንም እስኪቀረው አጋድሜ አስገባዋለሁ። በትክክል ከገባ ሲሪንጁን ስገፋ ይከብደኛል፤ የቆዳው ቀዳዳዎች ጎልተው የሚታዩበት ትንሽ ነጭ እብጠትም ወዲያው ብቅ ይላል። ግፊቱ ቀለል ካለ መርፌው ጠልቋል ማለት ነው።

ቆዳው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆዳችን ውስጥ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች ተሰማርተዋል። ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ሲያገኙ ውጠው ይቆራርጡታል፤ ከቁራጩም ጥቂቱን በላያቸው ላይ ይዘው በአቅራቢያቸው ወዳለው የንፍፊት ዕጢ ይጓዛሉ። ክንድ ላይ ለተሰጠ ቢሲጂ ጉዞው ወደ ብብት ነው። እዚያ የሚጠብቋቸው ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።

የእነዚህ ሴሎች ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እያንዳንዳቸው የሚለዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ የኩፍኝ ቫይረስን አንዲት ቁራጭ፣ ሌላው የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ፣ ሌላው ደግሞ በሕይወት ዘመኑ ፈጽሞ የማያገኘውን ነገር። ይህን ችሎታ ከበሽታው ተምረው አላመጡትም። ገና ሲፈጠሩ ከጂኖቻቸው ቁርጥራጭ ያለ ምንም ዕቅድ እየገጣጠሙ የሠሩት ነው፤ ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ የቢ ሴሎችን አገጣጠም በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1987 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። እንዲህ በዕድል ከተሠሩት መካከል የራስን አካል የሚያጠቁ መኖራቸው ስለማይቀር፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችው ታይመስ ቲ ሴሎቹን ትፈትናለች፤ ወደ እሷ ከሚገቡት አብዛኞቹ በሕይወት አይወጡም። ከፈተናው ያለፉት በደምና በንፍፊት ዕጢዎች ውስጥ እየተዘዋወሩ ይጠብቃሉ። አንድን በሽታ የሚለዩት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የዴንድሪቲክ ሴሉ ሥራ የዕድር ጥሩምባ ነፊን ሥራ ይመስላል፦ ጥሩምባውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ነጠላውን ለብሶ የሚወጣው ግን የዚያ ዕድር አባል ነው።

የተጠራው ሴል በዚያው ቅጽበት ወደ ውጊያ አይሄድም። ብቻውን ነውና መጀመሪያ ይባዛል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ሺዎች እስኪሆን ድረስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ነገር ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በቢሲጂ ይህ በዓይን ይታያል። ከተሰጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦታው አበጥ ይላል፣ ትንሽ መግል ይቋጥራል፣ ደርቆም ጠባሳ ይተዋል። እናቶች ይደነግጣሉ። «ሲስተር፣ የወጋሽው ቦታ መረቀዘ እኮ» እያሉ ልጁን ገልጠው የሚያሳዩኝ ብዙ ናቸው። ቅቤ ወይም ቅባት እንዳይቀቡት፣ እንዳያፈርጡት፣ እንዳያሽጉት እነግራቸዋለሁ፤ ቁስሉ የልጁ ቲ ሴሎች ተጠርተው የመምጣታቸው ምልክት ነው።

ቲ ሴል ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በዓለም ላይ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ነው። በአለርት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሥጋ ደዌን ነገር ከሥሩ ሲያጠና ኖሯል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። ያው አንዱ ባክቴሪያ በአንዱ ሰው ላይ ጥቂት ነጠብጣብና የደነዘዘ ቆዳ ብቻ ሲያመጣ፣ በሌላው ላይ መላ ገላን ይወርራል። ልዩነቱ ያለው በሰውየው ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቲ ሴሎቹ ባክቴሪያው የተደበቀባቸውን ሴሎች ደርሰውባቸዋል፤ ከቆዳው ናሙና ቢወሰድ ባክቴሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው በደሙ ውስጥ አንቲቦዲ ሞልቶት እያለ ባክቴሪያው በቆዳው ውስጥ ተቆጥሮ አያልቅም። አንቲቦዲ በደምና በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ይይዛል፤ ሴል ውስጥ ገብቶ የተሸሸገውን ግን አይደርስበትም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም የሚሸሸገው እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱ ባክቴሪያዎች ዘመዳሞች ናቸውና ቢሲጂ ለሥጋ ደዌም በከፊል ይከላከላል።

ከዚያ የ45 ቀኑ ይመጣል። በእኛ ሰፈር ይህ ቀጠሮ ከክርስትና ጋር ይገናኛል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ተጠምቆ ያለ ችግር ይመጣል፤ ሴት ልጅ ግን ክርስትናዋ በ80 ቀን ስለሆነ አንዳንድ ቤት ሕፃኗን ከዚያ በፊት ከደጅ ማውጣት ይከብዳል። ብርዱም፣ ዓይኑም፣ ምቹም ይፈራል። ስለዚህ የሴት ልጅ እናት ገና ለቢሲጂ ስትመጣ ጀምሬ ስለ 45 ቀኑ እነግራታለሁ። አብረዋት የመጡ አያት ካሉ ደግሞ ንግግሬን ከእሳቸው ጋር አደርጋለሁ፤ የአራስ ቤት አዛዥ እሳቸው ናቸውና።

አንዲት አያት እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ «ልጄ፣ እኛ ለፈንጣጣ አንዴ ተበጥተን ዕድሜ ልካችንን ኖርንበት። ይቺን እንቡጥ ለምን ሦስት ጊዜ ትወጓታላችሁ?» ክንዳቸው ላይ ያለውን ሰፊ ጠባሳ እያሳዩኝ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። «እማማ፣ የእርስዎ ክትባት ሕይወት ያለው ነበር፤ ይሄኛው የሞተና የተቆራረጠ ነው» ብዬ ጀመርኩላቸው።

የፈንጣጣው፣ የኩፍኙና የቢሲጂው ክትባት የተዳከመ ነገር ግን በሕይወት ያለ ተሐዋስ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ራሱን ለቀናት ያባዛል፤ ጥሪው ሳያቋርጥ ይሰማል። በክፉ ቀን ዘመን የሀገሪቱን ከብት የፈጀውና እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ የታወጀው የከብት ወረርሽኝ የጠፋው እንዲሁ በሕያው ክትባት፣ በአንድ መርፌ ነው። የሰው ፈንጣጣም በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. ነበር። በ45 ቀን የምንጀምረው ፔንታ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሀገራችን የጀመረው ይህ መርፌ አምስት በሽታዎችን ይይዛል፦ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ። ከአምስቱ አንዱም በሕይወት የለም፤ መርዙ የከሸፈ ወይም የተገደለ ወይም ቁራጭ ነው። አይባዛም፤ ጥሪው ቶሎ ዝም ይላል። ስለዚህ መደገም አለበት።

እዚህ ላይ ነው የ4 ሳምንቱ ክፍተት የሚገባን። ከመጀመሪያው ፔንታ በኋላ በጭን አቅራቢያ ባለው የንፍፊት ዕጢ ውስጥ ቢ ሴሎች ተሰብስበው ብርቱ ሥራ ይጀምራሉ። የአንቲቦዲ ጂናቸውን ሆን ብለው ትንሽ ትንሽ ያዛባሉ፤ አንዱ በዕድል የተሻለ የሚይዝ አንቲቦዲ ይሠራል፣ አብዛኛው ይበላሻል። ከዚያ ውድድር አለ፤ አጥብቆ የያዘው ከቲ ሴል እርዳታ አግኝቶ ይኖራል፣ ላላ ያለው ይሞታል። ይህ ዙር እየተደጋገመ በሄደ ቁጥር የሚወጣው አንቲቦዲ ከመጀመሪያው እጅግ የበረታ ይሆናል። ከአሸናፊዎቹ ከፊሉ ወደ መቅኔ ሄዶ አንቲቦዲ እያመረተ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከፊሉ ትውስታ ያለው ሴል ሆኖ ይቀራል። ቀጣዩ መርፌ የሚያነቃው እነዚህን ተመርጠው የቀሩትን ነው። ውድድሩ ሳያልቅ በሁለተኛው ሳምንት ብወጋው ግን የማገኘው ያልተመረጠውን ሁሉ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ትኩስ አንቲቦዲም አዲሱን መርፌ ቶሎ ያጸዳዋል። ክፍለ ሀገር ልትሄድ ነውና «ዛሬውኑ ደርበሽ ስጪልኝ» የምትለኝን እናት የማልሰማት ለዚህ ነው። ካርዷን ይዛ በሄደችበት ጤና ጣቢያ እንድታስከትብ እነግራታለሁ።

ለአያቲቱ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩም። «ሰውነቷ ትምህርቱን የሚያጠናው በመካከሉ ባለው ወር ነው» ስላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የልጅ ልጃቸውንም ከ80 ቀኑ በፊት ይዘዋት መጡ።

ከሁሉ ይልቅ ብልሃት ያለበት ሆኖ የማገኘው በቀኝ ጭን የምንሰጠውን ፒሲቪን ነው፤ ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር የምንሰጠው፣ በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 የገባው ነው። የሚከላከለው ባክቴሪያ ውጪውን በስኳር ሰንሰለት የተሸፈነ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቢ ሴሎች ይህን ስኳር ብቻውን ሲያዩት እምብዛም አይነሱም፤ ረዳቶቹ ቲ ሴሎች ደግሞ የሚለዩት ፕሮቲን እንጂ ስኳር አይደለም። ስለዚህ ሕፃናት በሽታው በብዛት በሚገድልበት ዕድሜ ላይ መከላከያ አልነበራቸውም። መፍትሔው ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማጣበቅ ሆነ። ስኳሩን የሚለየው ቢ ሴል ሁለቱን አንድ ላይ ይውጣል፤ ፕሮቲኑን ቆራርጦ ለቲ ሴሉ ያሳያል፤ ቲ ሴሉም ፕሮቲኑን አይቶ ስኳሩን ለሚዋጋው ቢ ሴል እርዳታ ይሰጣል። በፔንታ ውስጥ ያለው ሂብም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ረዳት ቲ ሴል ባይኖር ምን እንደሚሆን የኔ ዘመን የጤና ባለሙያ በደንብ ያውቃል። ኤች አይ ቪ የሚያወድመው እሱን ነው፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እስኪዳረስ ድረስ በየዋርዱ ያየነው ሳንባ ነቀርሳና ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ኢንፌክሽን የረዳት ቲ ሴል ማለቅ ውጤት ነበር።

ፔንታና ፒሲቪ ውስጥ አልሙኒየም ያለበት ጨው አለ። የሞተ ቁራጭ ብቻውን የዴንድሪቲክ ሴሎችን ትኩረት አይስብም፤ ጨው ነው የሚቆሰቁሳቸው። ለዚህም ነው ከሙቀት እኩል በረዶን የምፈራው። ፔንታ ከረጋ ጨው እርስ በርሱ ተጣብቆ ይቋጠራል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ለዘመቻ ስንወጣ አይስ ፓኩን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አቆየዋለሁ፤ ጆሮዬ ሥር ነቅነቅ ሳደርገው ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ካልሰማሁ ከክትባቱ ጋር አላስገባውም። ረግቶ ይሆናል ብዬ የጠረጠርኩት ብልቃጥ ሲኖር ሼክ ቴስት እናደርጋለን። ከዚያው ባች አንዱን ሆን ብለን ድንጋይ እስኪሆን እናረጋውና እናቀልጠዋለን። ሁለቱን በአንድ እጅ ይዘን እንንጣቸውና ብርሃን ላይ ጎን ለጎን እናቆማቸዋለን። የረጋው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከታች ነጭ አተላ። የተጠረጠረው እኩል ከዘቀጠ ይወገዳል። ደህናው ከግማሽ ሰዓት በኋላም እንደደፈረሰ ነው። በረጋ ክትባት ልጅ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ንፍፊቱ ውስጥ ግን ውድድሩ አይነሳም። ይህን የሚያይ ከእኛ ሌላ ማንም የለም።

የ9 ወሩ ኩፍኝ ሌላ የጊዜ ሂሳብ አለው። ልጅ በማሕፀን ሳለ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ የእናቱ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ አልፎ ይደርሰዋል። እናቱ ኩፍኝ የያዛት ወይም የተከተበች ከሆነች የመጀመሪያዎቹን ወራት በእሷ ጥበቃ ይኖራል። ያ አንቲቦዲ ግን ልጁ ራሱ የሚሠራው አይደለምና በየሦስት አራት ሳምንቱ በግማሽ እየቀነሰ ያልቃል። ቀድመን ብንከትበው የእናቱ አንቲቦዲ የክትባቱን ቫይረስ ገና ሳይባዛ ይይዘዋል፤ የልጁ ሴሎች ምንም ሳይማሩ ይቀራሉ። ብንዘገይ ደግሞ በሽታው ይቀድመናል። ኩፍኝ እምብዛም በማይገኝባቸው ሀገራት 12 ወር ይጠብቃሉ፤ እኛ ግን ያን ያህል መጠበቅ አንችልም። በ9 ወር ከሚከተቡት 85 በመቶ ያህሉ ይጠበቃሉ። ቀሪዎቹን ለማግኘት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛው ይሰጣል። በብዛት የሚቀረውም እሱ ነው፤ ልጁ እየሮጠ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ እናቱም ወደ ፋብሪካ ሥራዋ ተመልሳለች።

ኩፍኝ ቀላል ሽፍታ ነው የሚሉኝን አልተዋቸውም። ቫይረሱ በተለይ የሚያጠቃው ትውስታ ያላቸውን ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔዘርላንድስ ባልተከተቡ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ኩፍኝ ከያዛቸው በኋላ ቀድሞ ከነበሯቸው አንቲቦዲዎች ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆኑት መጥፋታቸውን አሳይቷል። ልጁ ከኩፍኙ ይድናል፤ ቀድሞ ያሸነፋቸው በሽታዎች ግን እንደገና አዲስ ይሆኑበታል። ከኩፍኝ በኋላ በሳንባ ምችና በተቅማጥ የሚሞቱ ልጆች ነገር አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የኩፍኝ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣላል። የቢሲጂውም እንደዚሁ። እንዳይባክን ተብሎ «ልጆች ሲሞሉ ነይ» እየተባለች የምትመለስ እናት በየቦታው አለች። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከገላን ኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ይዛ፣ የቀን ሥራዋን ቀርታ የመጣች ሴት ከተመለሰች ላትመጣ ትችላለች። ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት። የተረፈውን ስጥል ይቆጨኛል፤ ያልተከተበውን ልጅ ስመልስ ግን የበለጠ ይቆጨኛል።

የኛ አካባቢ ሰው ይንቀሳቀሳል። ለፋብሪካ ሥራ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ፣ ኪራይ ሲጨምር ሰፈር የሚቀይር፣ አዲስ ኮንዶሚኒየም የደረሰው። መዝገቤ ላይ ፔንታ 1 ወስደው ባዶ የቀረባቸው መስመሮች አሉ፤ ስልኩ አይሠራም፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ብትሄድ ቤቱ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። ከወራት በኋላ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ አንገቷን ደፍታ የምትመጣ እናት ታጋጥመኛለች። ብዙ ባልደረቦቼ መቆጣት ይቀናቸዋል፤ ቁጣውም የሚመጣው ከተቆርቋሪነት ነው። እኔ ግን ቁጣ ሌላውን ቀጠሮ ያስቀራል እላለሁ፤ ከሥነ ሕይወቱ አንጻርም የሚያስቆጣ ነገር የለም። አጭር ክፍተት ይጎዳል እንጂ ረጅም ክፍተት የተሠራውን አያፈርስም። ልጁ በዚያ መካከል ተጋልጦ ኖሯል፣ ይህ እውነት ነው፣ እነግራታለሁም። ነገር ግን ከመጀመሪያው መርፌ የተረፉት ትውስታ ያላቸው ሴሎች አሁንም እዚያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1846 በፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ሲገባ ዴንማርካዊው ሐኪም ፓኑም እንደመዘገበው፣ በ1781 ይዟቸው የነበሩ አዛውንቶች ከ65 ዓመት በኋላ አልተያዙም። ያን ያህል የሚያስታውስ አካል የጥቂት ወራት መቅረትን ይቅር ይላል። ስለዚህ ከዜሮ አንጀምርም፤ ካቆመበት እንቀጥላለን። የዕድሜ ገደብ ያለው፣ ሮታ የሚባለው የተቅማጥ ክትባት ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ከሆነው በዚያው ቀን ፔንታ 2፣ ፖሊዮና ኩፍኝ አንድ ላይ ይሰጠዋል፤ በተለያየ ቦታ። «አይበዛበትም ሲስተር?» ትላለች። አይበዛበትም፤ እያንዳንዱን የሚሰሙት ሴሎች የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም። ሌሊት ትኩሳት ቢኖረው እንዳትደነግጥ፣ ጡት እንድታጠባው፣ ከበረታበት ይዛው እንድትመጣ እነግራታለሁ። የእሷንም የመንጋጋ ቆልፍ ካርድ እጠይቃታለሁ፤ አምስቱን ያልጨረሰች ከሆነ ክንዷን አስገልጬ እወጋታለሁ፤ የምትሠራው አንቲቦዲ ቀጥሎ ለምትወልደው ይደርሳልና። ከዚያ ካርዱ ላይ የሁለቱንም ቀጠሮ እጽፋለሁ፤ የልጁን ከዛሬ 4 ሳምንት በኋላ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሚውልበትን በዓል ጭምር ነግሬ።